መሐላና ማስተዋል፤ የጳጳሱ የአቡነ ማቴዎስ ታሪክ

ክፉን ከደግ መለየት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ የተሰጠ ዕውቀት ነው፤ ከሁለት ደጎች የሚበልጠውን፣ ከሁለት ክፉዎችም የሚያንሰውን ለይቶ መምረጥ ግን የማስተዋል ሥራ ነው። ንጉሥ ሰሎሞን በገባዖን በሕልም በተጠየቀ ጊዜ ረጅም ዕድሜንና ሀብትን ትቶ በሕዝቡ ላይ የሚፈርድበትን አስተዋይ ልብ የለመነው ስለዚህ ነው። የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስም መነኩሴን ከውድቀት የሚጠብቀው ከጾምና ከትጋህ፣ ሀብትንም ከመናቅ ይልቅ ማስተዋል መሆኑን እንዳስተማረ አበው ጽፈውልናል። ጾም ያለ ማስተዋል ሰውነትን ብቻ ያደክማልና፤ ቅንዓትም ያለ ማስተዋል ወንድምን ያቆስላልና።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ የማስተዋል ሸክም በአንድ አባት ትከሻ ላይ የወደቀበትን ዘመን የሚያስታውስ ነው። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ስም እናነሣለን።

በአዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር አለ። ጠመንጃ ያዥ ማለት የጌታውን ጠመንጃ ተሸክሞ የሚያጅብ ባለሟል ማለት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነጭፍራቸው፣ የቤተ መንግሥቱም ሠራተኞች በየሥራ ክፍላቸው ይሰፍሩ ስለ ነበር ብዙዎቹ ሰፈሮች እስከ ዛሬ ድረስ የአለቃውን ወይም የሥራውን ስም ይዘው ይገኛሉ። እኛም በዚያ በኩል በምናልፍበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ወደ ልባችን ይመጣል። ጠመንጃውን ያዡ ይይዘዋል፤ ያዡንስ የሚይዘው ማን ነው? በዚያ ዘመን ያዡን የሚይዘው መሐላው ነበር። መሐላውን ደግሞ የሚያጸናው የቤተ ክርስቲያን ግዝት ነበር። ግዝቱን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን በእጃቸው የነበረው አባት ግን በማን ተይዘው ይወስኑ ነበር? የአቡነ ማቴዎስ ታሪክ ይህን ጥያቄ ይመልስልናል።

አቡነ ማቴዎስ በትውልዳቸው ግብፃዊ ናቸው። የተወለዱት በ1835 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አንድ ጳጳስ ብቻ ለሰፊው አገራችን እንደማይበቃ አይተው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአቡነ ቄርሎስ 5ኛ ብዙ ጳጳሳትን በለመኑ ጊዜ በ1874 ዓ.ም. አራት አባቶች መጡ። እነርሱም አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ማቴዎስ፣ አቡነ ሉቃስና አቡነ ማርቆስ ነበሩ። (በ1928 ዓ.ም. በሰማዕትነት ያለፉት ኢትዮጵያዊው አቡነ ጴጥሮስ ሌላ ናቸው።) አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲቀመጡ፣ አቡነ ሉቃስ ለጎጃም፣ አቡነ ማቴዎስም ለሸዋ ደረሱ፤ አቡነ ማርቆስ ግን ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ከዚህ በኋላ አቡነ ማቴዎስ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ 45 ዓመት ያህል በአገራችን ኖሩ። ቋንቋችንን ለምደው፣ ከጉዟችን ተጕዘው፣ ከኀዘናችንም አዝነው ከትውልድ አገራቸው ይልቅ የኢትዮጵያን ምድር ረጅም ዘመን ረገጡ።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክን ቀብተው ያነገሡ አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ የኢጣልያ ጦር ድንበር አልፎ በመጣ ጊዜም ከመንበራቸው ሳይቀሩ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ትግራይ ዘመቱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በሆነው ጦርነት ከሰፈሩ ነበሩ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ጕዳይም በ1894 ዓ.ም. ገደማ ወደ ግብፅና ወደ መስኮብ አገር ተጕዘዋል።

የእኒህ አባት ማስተዋል ከተገለጠባቸው ነገሮች አንዱ የትምህርት ቤት ጕዳይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የአውሮፓ ቋንቋና ጥበብ የሚያስተምር ቤት ለመክፈት ባሰቡ ጊዜ ብዙዎች ካህናት ፈሩ፤ ከባዕድ መምህር ጋር ባዕድ ሃይማኖት ይገባል የሚል ሥጋት ነበረባቸውና። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን በፍርሃት ብቻ ደጅን መዝጋት ልጆችን ያለ ዕውቀት ማስቀረት ነው። መንገዱ የተገኘው ከግብፅ ኦርቶዶክሳውያን መምህራንን በማምጣት ነው። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው በእነዚህ መምህራን ነበር። እንግዲህ አስተዋይ ሰው በእሺና በእንቢ መካከል ቆሞ ሦስተኛ መንገድ ይፈልጋል። ሃይማኖት ዕውቀትን እንድንሸሽ አታዝዘንም፤ ከማን እጅ፣ በምን ሁኔታ እንደምንቀበለው እንድንመረምር ግን ታዝዘናለች።

ከዚህ በኋላ የመሐላው ነገር ይመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በጽኑ ደዌ ስለ ተያዙ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወቁ። መኳንንቱና ሠራዊቱ ለወራሹ ማሉ፤ አቡነ ማቴዎስም ይህን ቃል የሚያፈርሰውን አወገዙ። የግዝቱ ዓላማ መልካም ነበር፤ ንጉሥ ባለፈ ቍጥር በወራሾች ጠብ ደም እንዳይፈስ አስቀድሞ በር ለመዝጋት የታሰበ ነውና። ይሁን እንጂ ሰው ነገን ሳያይ ዛሬ ይምላል። በዚያ ቀን ከማሉት ሁሉ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣውን የሚያውቅ አልነበረም።

መሐላው መጀመሪያ የተፈተነው በ1903 ዓ.ም. ነው። የወራሹ ሞግዚት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በዚያ ዓመት ዐረፉ። ወዲያውም በራስ አባተ ቧያለውና በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ መካከል ጠብ ተነሣ፤ የመንግሥቱ መሣሪያ የተከማቸበት ግቢም የወንድማማች ጦር ሜዳ ለመሆን ተቃረበ። ያን ጊዜ አቡነ ማቴዎስና እጨጌው በመካከል ገብተው ነገሩን አበረዱት፤ ራስ አባተም ከከተማው ወጥተው ወደ ግዛታቸው እንዲሄዱ ሆነ። ጠመንጃ የያዙ ብዙዎች ነበሩ፤ ጠመንጃ ያዦቹን የያዘ ግን የአባቶች ቃል ነበር። በዚህ ጊዜ ማስተዋል የጠየቀው ፈጥኖ መግባትን ነው፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ ሽማግሌ የሚያስታርቀው አልቃሾችን ነውና።

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ ግን ዘውድ ሳይጭኑ ሥልጣኑን ያዙ። ብዙውንም ጊዜ ከዋናው ከተማ ርቀው በየአውራጃው ይዘዋወሩ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በሐረርና በጅጅጋ ከሙስሊሞች ጋር ያሳዩት ቅርበትና ከቱርክ መንግሥት ጋር ያላቸው ወዳጅነት በከተማው ብዙ ወሬ አስነሣ። የእንግሊዝ፣ የፈረንሣይና የኢጣልያ መልእክተኞችም በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቅሬታቸውን አቀረቡ። መኳንንቱ ወራሹ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ብለው ከሰሱ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ቀንም ተሰብስበው ከመሐላቸው እንዲፈቱ ጳጳሱን ለመኑ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ የነገሩን ክብደት እንዲመለከት እንለምናለን። ግዝቱን ያሰሩት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። በቀላሉ ቢፈቱት በኢትዮጵያ ምድር ከዚያ በኋላ ማን መሐላን ይፈራል? ባይፈቱትስ፣ ክሱ እውነት ከሆነ፣ የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ሊሆን የተሾመ ሰው እምነቷን ትቶ ሲገዛ ዝም ብለው ያያሉን? ከሁለቱም ወገን ኃጢአት ያለ ይመስላል፤ ከሁለቱም ወገን ደም አለ።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መሐላ አንድ ዓይነት ታሪክ ብቻ አልነገሩንም። ሄሮድስ በግብዣ መካከል ለአንዲት ብላቴና በችኮላ ማለ፤ ቃሉን ላለማጠፍም የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ አስቈረጠ። መሐላውን ጠበቀ፤ ነገር ግን ነፍሰ ገዳይ ሆነ። ዳዊት በናባል ላይ ተቈጥቶ በቤቱ አንድ ወንድ ላያስቀር ማለ፤ አስተዋይቱ አቢግያ ወጥታ በለመነችው ጊዜ ግን ሰይፉን መለሰ፤ ከደም ስለ ከለከለችውም እግዚአብሔርን አመሰገነ። ኢያሱ ወልደ ነዌ ደግሞ ለገባዖን ሰዎች ተታልሎ ማለ፤ መታለሉን ካወቀ በኋላም መሐላውን አላፈረሰም። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ያንን መሐላ ስላፈረሰ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኃብ ሆነ። እነሆ፣ አንዱ መሐላውን በመጠበቁ ተኰነነ፤ አንዱ በመተዉ ተመሰገነ፤ አንዱም በመጠበቁ ጸደቀ። ደንቡን ብቻ ያጠና ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ መካከል መንገዱን አያገኝም። መንገዱን የሚያገኘው፣ ንጹሕ ደም በማን እጅ እንዳለ የሚጠይቅና እግዚአብሔር በማን ስም እንደተጠራ የሚያስብ ነው።

አቡነ ማቴዎስም በዚያ ቀን ለመወሰን አመነቱ፤ በቂ ማስረጃም ፈለጉ። እኛ ከታሪካቸው ሁሉ ይልቅ ይህችን የማመንታት ሰዓት እናከብራለን። ዙሪያቸውን መኳንንቱ ቆመዋል፤ ሠራዊቱ ይጠብቃል፤ የውጭ መንግሥታት ፍላጎትም ከበስተኋላ አለ። በዚያ ሰዓት ፈጥኖ እሺ ማለት ምስጋና ያስገኛል። እርሳቸው ግን ሰው በወሬ እንዳይፈረድበት፣ ነገርም ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ቃል እንዲጸና ኦሪትም ወንጌልም ያዘዙትን ያስታወሱ ይመስላል። እምነት ለሚወስን ሰው አስቀድማ የምትሰጠው ስጦታ ፍጥነት አይደለም፤ ስለ ውሳኔው በእግዚአብሔር ፊት እንደሚጠየቅ ማወቅን ነው።

ማመንታቱ ግን ረጅም አልነበረም። እጨጌውና መኳንንቱ አጥብቀው በጠየቁ ጊዜ ጳጳሱ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ፤ ልጅ ኢያሱንም አወገዙ። የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው መጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ በሆነው ጦርነት ንጉሡ ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን በሺሕ የሚቈጠር ሰው አለቀ። ከሞቱትም ብዙዎቹ በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፣ ከአንድ ጽዋ የተቀበሉ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ ሸሽተው ከቆዩ በኋላ በ1913 ዓ.ም. ተያዙ፤ በእስር እንዳሉም በ1928 ዓ.ም. ሞቱ።

ውሳኔው ትክክል ነበርን? ልጅ ኢያሱ በእርግጥ ሃይማኖታቸውን ለውጠው ነበር፣ ወይስ ሙስሊም ዜጎቻቸውን ወደ መንግሥቱ ለማቅረብ ብቻ ፈልገው ነበር በሚለው ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ድረስ አልተስማሙም። ከጎረቤት ጋር በሰላምና በፍቅር መኖር የራስን እምነት መካድ እንዳልሆነ ግን እያንዳንዱ የኢትዮጵያ መንደር ምስክር ነው። እኛ በቀደሙት አባቶች ላይ ለመፍረድ አንደፍርም፤ እውነቱንም አንሸፍንም። ምስክሩ ተመርምሮ ሳያልቅ ፍርዱ የተፈጸመ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ አንድን አባት ከብበው ያቻኰሉ ሁሉ ይካፈሉታል። አስተዋይ ሰው እንዲያስተውል የሚፈቅድለት ጉባኤ ያስፈልገዋልና።

ከዚህ የምንማረው እምነት ከስሕተት ሁሉ የሚጠብቅ ክታብ እንዳልሆነ ነው። እምነት ያለው ሰውም ይሳሳታል። ልዩነቱ፣ እምነት የሌለበት ውሳኔ የሚጠይቀው ምን እንደሚያተርፍ ብቻ ሲሆን፣ በእምነት የሚወሰን ውሳኔ አስቀድሞ ማንን እንደሚጎዳ ይጠይቃል። ከወሰነም በኋላ ራሱን አያጸድቅም፤ የወደቁትን በጸሎቱ ያስባል፤ ስሕተቱ በተገለጠለት ጊዜም ንስሐ የሚገባበት ደጅ ክፍት ነው።

አቡነ ማቴዎስ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ንግሥት ዘውዲቱን ዘውድ ጫኑላቸው። ከዚያም በኋላ 10 ዓመት ያህል አገልግለው ኅዳር 25 ቀን 1919 ዓ.ም. ዐረፉ። በዘመናቸው ብዙ ነገር አብረዋቸው ያዩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ስምንት ቀን ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን ተከተሏቸው። በ1921 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት መካከል ጳጳሳት ተሾሙ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ቀድሞ በአንድ አባት ትከሻ ላይ የነበረው ሸክም ለጉባኤ ተከፈለ። የመስከረም 17ን ቀን የሚያስታውስ ሰው ይህ እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ ያውቃል፤ ብዙ አማካሪ ባለበት ምክር ይጸናልና።

ወገኖቻችን፤ ይህ የጳጳስና የመንግሥት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከወንድሙ ጋር በርስት ተጣልቶ ሁለተኛ ደጃፉን ላይረግጥ በታቦት የማለ ስንት ሰው አለ! እናቱ ስትሞት እንኳ ከወንድሙ ቤት ለቅሶ አይቀመጥም፤ መሐላዬን ጠበቅሁ ብሎም ራሱን እንደ ሃይማኖተኛ ይቈጥራል። እርሱ የሄሮድስን መንገድ ይዟል። በአንጻሩ ደግሞ በቍርባን ከተጋባት ሚስቱ ጋር የገባውን ቃል በአንድ የመንደር ወሬ ሊያፈርስ የሚቸኵል አለ፤ ምስክር አልጠየቀም፤ የከሳሹን ዓላማ አልመረመረም፤ የልጆቹን ዕንባ አልቈጠረም። ሁለቱም ወደ ንስሐ አባታቸው ቢሄዱ፣ ካህኑም ፈጥኖ ከመገዘት ወይም ፈጥኖ ከመፍታት ይልቅ ሁለቱን ወገን ጠርቶ ቢሰማ፣ ሌሊቱን በጸሎት አሳድሮ በማግሥቱ ቢመክር፣ ስንት ቤት ይድን ነበር!

እናንተ የንስሐ ልጆች አባቶች የሆናችሁ ካህናት፣ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን በእጃችሁ ነው። ሰው ከብቧችሁ በሚያቻኵላችሁ ጊዜ የማመንታትን ሰዓት አትፈሩአት። ምእመናንም ካህኑን ለምስክርነት እንጂ ለቍጣችሁ ማኅተም እንዲሆን አትጥሩት።

ዛሬ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር የንጉሥ ጠመንጃ ተሸክሞ የሚያጅብ የለም። ሁላችንም ግን በእጃችን የያዝነው አንድ ነገር አለ፤ አንዱ ምላሱን፣ አንዱ ብዕሩን፣ አንዱ ሥልጣኑን፣ አንዱ ገንዘቡን ይዟል። የያዝነው ነገር ሰውን ሊያቆስል ይችላልና የሚይዘን ያስፈልገናል። ይኸውም ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። ከእርሱ የሚወለደውን ማስተዋል ለሁላችን ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።